ቺፕና ቡና፦ ዋጋ ሳይሆን ወረቀት ሲያስቆም

የዛሬው የቡናም የእህልም ዋጋ ከላይ ተለጥፏል፣ እዚህ አልደግመውም። ይሄኛው ረዘም ስለሚል ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

በቀደም አንድ የዩኒየን ሰው በውስጥ መስመር "የአሜሪካና የቻይና የቺፕ ጭቅጭቅ ለእኛ ምናችን ነው? አንተ ዋጋህን ንገረን" ብለው ጻፉልኝ። አይፈረድባቸውም፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ነገሩ አንዴ ኪሴ ድረስ መጥቶ ነክቶኛል። አሁን ደግሞ በሌላ በር፣ በራሱ በቡናው በኩል እየመጣ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ባለ አንድ ማበጠሪያ የጅማ ቡና አስገብተን ነበር። አንድ ኮንቴነር የሚሞላ፣ ተበጥሮ ሲያልቅ 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ የሚወጣው። ቡናው ሌሊት በአየር ጤና በኩል ገባ፣ ጠዋት ተራ ያዝን፣ ከሰዓት በኋላ ሶርቴክሱ ቆመ። ሶርቴክስ ለማታውቁ፦ ፍሬው በአሸንዳ ሲወርድ ካሜራ እያንዳንዱን ያያል፣ ቺፑ "ይሄ ጥቁር ነው፣ ይሄ ደህና ነው" ብሎ ይወስናል፣ መጥፎውን በአየር ተፍቶ ያወጣዋል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቴክኒሻኑ ከፍቶ አየና "ካርዱ ተቃጥሏል" አለ። እሺ፣ ካርድ ይታዘዛል። የዶላር ወረፋውን እንደምንም አልፈን ብናዝዝ ከሻጩ የመጣው መልስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ካርዱ ላይ የሚቀመጠው ቺፕ የለም፣ 4 ወር ጠብቁ።

አራት ወር! ቡናውን ለቃሚ ሴቶች በእጅ ለቀሙት። ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ የተያዘው የመርከብ ቦታ አለፈ። ያን ዘመን ታስታውሳላችሁ፣ ኮንቴነር ማግኘት ራሱ ዕጣ እንደ መውጣት ነበር። ላኪው የመጋዘን ኪራይ ከፈለ፣ የእኔም ኮሚሽን አብሮ ተንጠለጠለ። የማበጠሪያው ባለቤት ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተቃጠለውን ካርድ እጃቸው ላይ እያገላበጡ "ይቺ ጥፍር የምታክል ነገር ናት ይሄን ሁሉ ቡና ያስቆመችው?" ሲሉ አሁን ድረስ ይታየኛል።

ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ታይዋን ሲባል እኛ አገር መጀመሪያ ትዝ የሚለን ገበያ ነው። ድሬዳዋ ታይዋን አለ፣ ጅግጅጋም ታይዋን አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ዕቃ "ታይዋን ነው" ከተባለ ነገ ይበላሻል ማለት ነበር። አሁን እዚያች ደሴት ላይ የሚሠራው ቢቆም የዓለም ፋብሪካ ግማሹ ይቆማል። በዓለም እጅግ ረቀቅ ካሉት ቺፖች ከ10 ውስጥ 9ኙ ገደማ የሚሠሩት እዚያ ነው። ዋናው ድርጅት ቲኤስኤምሲ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ። የሚገርመው የራሱ የሚባል ቺፕ አይሸጥም። አፕል፣ ኤንቪዲያ፣ ሚዲያቴክ ንድፋቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እሱ በአገልግሎት ክፍያ ይሠራላቸዋል። በእኛ ቋንቋ ቡናው የሌላ፣ ማበጠሪያው የእሱ ማለት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ቴክኖ ስልክም ከዚህ ሰንሰለት አይወጣም። ድርጅቱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ይገጣጥማል፣ ውስጡ ያለው ዋናው ቺፕ ግን ወይ የታይዋኑ ሚዲያቴክ ነው ወይ የቻይናው ዩኒሶክ።

ማበጠሪያው ደግሞ በፈንታው ማሽን ይፈልጋል። የቺፑን እጅግ ጥቃቅን መስመር በብርሃን የሚያትመውን ማሽን በዓለም ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ብቻ አለ፣ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። አንዱ ማሽን ከ150 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። መስታወቱ ከጀርመን፣ የብርሃን ምንጩ ከአሜሪካ ይመጣል። አሜሪካ "ለቻይና እንዳትሸጥ" ስትል ኔዘርላንድ የምትሰማው ለዚህ ነው፤ ያ ማሽን ለቻይና አንድም ተልኮ አያውቅም። ገበያ ውስጥ የኖረ ሰው ይሄ ይገባዋል። ብዙ የሚያመርተው ሳይሆን ጠባቡን በር የያዘው ነው ተቆጣጣሪው።

የእህል ሰዎች ደግሞ ይሄን ስሙ። ማሪዩፖልንና ኦዴሳን እኛ የምናውቃቸው በስንዴ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ሁላችንም የሮጥነው የስንዴና የዘይት ዋጋ ለማየት ነበር። ግን በነዚያው ሁለት ከተሞች ኢንጋስና ክሪዮይን የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ፣ ለቺፕ ሥራ የሚውለውን ንጹሕ ኒዮን ጋዝ ከዓለም ግማሽ ያህሉን የሚያቀርቡ። ኒዮኑ የሚገኘው ከብረት ማቅለጫ ተረፈ ምርት ነው። ሁለቱም ሥራ አቆሙ። የእኛ ካርድ ቀድሞውንም በኮቪድ ጊዜ በተፈጠረው እጥረት ተይዛ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ተጨመረበት። ስንዴና ቺፕ በአንድ ወደብ ይታሰራሉ ብሎ ማን ያስባል?

እስካሁን ያልኩት ስለ እጥረት ነው። እጥረት ያልፋል፣ ካርዳችንም ዘግይታም ቢሆን መጣች። የማያልፈው ክልከላ ነው። እሱን በደንብ የሚያሳየው ታሪክ ደግሞ እዚሁ እኛ ጋ የቆመ ማማ ላይ ነው የተጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስምምነት አደረገ፣ ገንዘቡም ከቻይና፣ ዕቃውም ከቻይና። በ2013 ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ እያንዳንዳቸው 800 ሚሊዮን፣ በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ሥራ ወሰዱ። በኋላ ከዜድቲኢ ድርሻ ተቀንሶ ለስዊድኑ ኤሪክሰን የተሰጠም ነበር። የአባቴን ዕድሜ የሚያክሉ አቅራቢዎች ያስታውሳሉ፣ ከዚያ በፊት የአዲስ አበባን ዋጋ ለማወቅ ከተማ ወጥቶ ስልክ ቤት መሰለፍ ነበር። ገጠር ያለው ሰብሳቢ ዋጋውን ከእኔ እኩል ማወቅ የቻለው በነዚህ ማማዎች ነው። (ለእኛ ለደላሎች መልካም ዜና አልነበረም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

እንግዲህ ዜድቲኢ የአሜሪካ ቺፕ ያለባቸውን ዕቃዎች ለኢራንና ለሰሜን ኮሪያ ሲሸጥ ተያዘ። በ2017 ጥፋቱን አምኖ 1.19 ቢሊዮን ዶላር ሊቀጣ ተስማማ፣ የተወሰነው በገደብ ነበር። ከስምምነቱ ጋር አብሮ የመጣ ግዴታ አለ፤ በጉዳዩ እጃቸው ያለበትን ሠራተኞች ቅጣ ተባለ። ድርጅቱም 35 ሠራተኞችን ቀጥቻለሁ፣ ጉርሻቸውን ቀንሻለሁ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ኋላ ሲጣራ ጉርሻው ተከፍሏቸዋል። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2018 ለ7 ዓመት ከአሜሪካ ምንም ዓይነት ዕቃ እንዳይገዛ አገደው። አንድ ወር አልሞላም፣ ዜድቲኢ ዋና ዋና ሥራዬ ቆሟል ብሎ አወጀ። 75,000 ገደማ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ማለት ነው! በጁላይ እገዳው የተነሳለት 1 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ 400 ሚሊዮን በመያዣ አስቀምጦ፣ የቦርድ አባላቱን በሙሉ ቀይሮ ነው።

ልብ በሉ። ዕቃው ተወዶ፣ ጥራቱ ወርዶ ወይ ገዢ ጠፍቶ አልነበረም። አንድ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው እውነት ስላልነበረ ነው። ያኔ እኛ ሚያዝያ 2010 ላይ ነን፣ አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተሾመ ገና ሳምንታት፣ የሁሉም ጆሮ እዚያ ነበር። የግማሽ አገሩን ኔትወርክ የዘረጋ ድርጅት በሩን ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ እንደነበር እኔ በበኩሌ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ማማው መለዋወጫ ቢፈልግ ማን ያመጣ ነበር? ያኔ ጥያቄው አልመጣብንም።

ሁዋዌ ተከተለ። በሜይ 2019 አሜሪካ ጥቁር መዝገቧ ውስጥ ከተተችው። ከዓመት በኋላ ደግሞ አጠበቀችው፦ ቺፑ የትም አገር ቢሠራ፣ የአሜሪካ ማሽን ወይም ሶፍትዌር ከነካው ያለ ፈቃድ ለሁዋዌ አይሸጥም። ታይዋን ያለው ማበጠሪያም በሴፕቴምበር 2020 ጭነት አቆመ። በዚያው ጊዜ እኛ ምን እያደረግን ነበር? ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፣ የቆመበት ሥርዓት የሁዋዌ ነው። ዛሬ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመኪና ቅድሚያ ክፍያ፣ ለናሙና ማመላለሻ የማልከው ብር በሙሉ በእሱ ነው የሚሄደው። ክፉ ሥራ ነው አላልኩም፣ ሕይወቴን አቅልሎልኛል። ሁዋዌም አልሞተም፣ በኦገስት 2023 ቻይና ውስጥ በተሠራ ቺፕ አዲስ ስልክ አውጥቶ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ግን በማን ጣሪያ ሥር እንደምንገበያይ ማወቅ ክፋት የለውም።

ሌላው ወገንም ባዶ እጁን አልመጣም። በዚያው ግንቦት ወር የሳፋሪኮም ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ሲያሸንፍ፣ የአሜሪካ የልማት ፋይናንስ ተቋም እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሊሰጥ እንደተዘጋጀ፣ ገንዘቡ ግን የሁዋዌና የዜድቲኢ ዕቃ እንዳይገዛበት የሚል ቅድመ ሁኔታ እንዳለው በወቅቱ ተዘግቧል። አያችሁ፣ አንዱ "ከእኔ ግዛ" ብሎ ያበድራል፣ ሌላው "ከእሱ አትግዛ" ብሎ ያበድራል። ስለ ወለድ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ቻይናም መልሳለች። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለቺፕ የሚያስፈልጉትን ጋሊየምና ጀርማኒየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አደረገች፣ በዲሴምበር 2024 ለአሜሪካ ጨርሶ ከለከለች፣ ኋላ ላይ ለጊዜው አላላችው። በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ የኔዘርላንድ መንግሥት ባለቤቱ ቻይናዊ የሆነውን ኔክስፔሪያን ልቆጣጠር ሲል፣ ቻይና በኩሏ እዚያ ያለው ፋብሪካ ቺፕ እንዳያወጣ አገደች። ሳንቲም የሚያወጡ ተራ ቺፖች ናቸው፣ ግን የሆንዳ የሜክሲኮ ፋብሪካ ሳይቀር ቆመ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ገንዘብ የጣላችሁ ሰዎች ይሄን በቸልታ አትለፉት።

አሁን ወደ ቡናችን።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ደጋግመን አውርተንበታል። በ2023 የወጣ ነው፣ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ አሁን ባለው ቀጠሮ ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ገዢዎች ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ይጀምራል፣ በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አይገባም። ያ እንዲረጋገጥ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ፣ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ድረስ ይቀርባል። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያውን በሙሉ መለካት ነው። የጥፋተኛ ድርጅት ከፍተኛው ቅጣት በአውሮፓ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ ማነስ የለበትም። ይሄን የሚቀጣው የጀርመኑ ወይ የቤልጂየሙ ገዢ ነው፣ የሚፈራው እሱ ነው፣ ፍርሃቱን ወደ ታች የሚያወርደው ወደ እኛ ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። እኔ ከዜድቲኢ ጋር ነው የማያይዘው። ቺፕ ላይ የጀመረው አሠራር፣ ዕቃህን ከማየቴ በፊት ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነካው፣ ለማን እንደሄደ ንገረኝ የሚለው፣ አሁን ጆንያ ላይ ደርሷል። ባለፈው ዓመት ቡናችን ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ያ ሁሉ ሲገባ ገበያው ጥሩ ነበር፣ ዋጋውም ሰማይ ነክቶ ነበር። ዋጋ ሲወጣ ወረቀት ይረሳል።

ለምን እንደፈራሁ ልናገር። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አቅራቢ ከደቡብ በኩል የታጠበ ቡና አመጣ። ናሙናው ሸጋ ነው፣ ቀምሰነዋል። ላኪው ገዢ አለው፣ እኔ መሃል ነኝ። "የነጥብ ዝርዝሩስ?" ስል ወዲያው በቴሌግራም ፋይል መጣልኝ፣ የ63 ገበሬ ስምና ቁጥር። ፍጥነቱ ራሱ አጠራጠረኝ። ማታ ቤት ተቀምጬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ስልኬ ካርታ ላይ አስገባኋቸው። 31ዱ ማጠቢያ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አረፉ፣ ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ላይ ማለት ነው። 9ኙ ደግሞ የት ቢያርፉ ጥሩ ነው? ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ በአልጄሪያና በሰርዲኒያ መካከል። የቁጥሮቹ ቦታ ተገለባብጦ ነው። ሳቅሁ፣ ባለቤቴም መጥታ አይታ ሳቀች። ከዚያ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ላኪው ጋ ደወልኩ። "ማን ያያል ብለህ ነው? አንተ ልጅ፣ ደላላ ነህ ወይስ የአውሮፓ ፖሊስ?" አለኝ። ሕጉ ገና አልጀመረም፣ እውነቱን ነው። ግን ገዢው ከአሁኑ እየሰበሰበ ነው፣ የሰጠነው ፋይል እዚያ ይቀመጣል፣ የሚያየውም ሰው ሳይሆን ሳተላይትና ኮምፒውተር ነው። ባሕር ውስጥ የተተከለ ቡና ለማግኘት አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ዝርዝሩን ለአቅራቢው መለስኩለት። ላኪው በሌላ ደላላ በኩል ሌላ ቡና ገዛ። ኮሚሽኔ ሄደ። ትንሽ ብር አልነበረም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚደርስበት ሰሞን ነበር።

አቅራቢው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ደውሎ "ልጁ ማሳ ለማሳ መዞር ሰልችቶት ጣቢያው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሞላው" አለኝ። ልጁንም አልፈርድበትም። አበል አልተሰጠው፣ ዳገት ነው፣ ዝናብ ነው፣ የስልኩ ባትሪ እስከ እኩለ ቀን ነው የሚቆየው።

እንደገና ሲላክ ባትሪ መሙያና የቀን አበል ተሰጠው። ከእኔ የወሰደውን ምክር እናንተም ጻፉት። ጥላ ዛፍ ሥር ሆናችሁ አትለኩ፣ ስልኩ ይስታል፤ ክፍት ቦታ ወጥታችሁ ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ኬክሮሱ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሱ ከ33 እስከ 48 ካልሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ አይደላችሁም። አንዳንዱ ሶፍትዌር ኬንትሮስን ያስቀድማል፣ የኛ ሰው ባሕር የገባው በዚህ ነው። የሁለት ገበሬ ቁጥር እስከ 6ኛው አሃዝ አንድ ከሆነ አንደኛው አልተለካም። ፋይሉንም አንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፤ ስልኩ የጠፋ ቀን መቶ ገበሬ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዝርዝር ከ16 ቀን በኋላ ደረሰኝ። ካርታ ላይ አስገባኋቸው፣ ተራራው ላይ ተበትነው ወጡ፣ ደስ ይላል። 57 ናቸው። "ስድስቱስ?" አልኩት። አራቱ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ አልተደረሰባቸውም፣ ከዝናቡ በኋላ ይለካሉ። ሁለቱ ግን ያመጡት ቡና ከማን ማሳ እንደሆነ ራሳቸውም መናገር አልቻሉም። የነሱ ቡና ለብቻው ተቀምጧል፣ ገዢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለአውሮፓ እንደማይሆን ግን አስቀድሜ ነግሬያለሁ።

የነገ ዋጋ ጠዋት በተለመደው ሰዓት።